ሰባት ደቂቃ የሚቀድም ቤት

አባቴ የወንድሜን ሚስት ውሸታም ሲላት የሰማሁት ከኩሽናው በር ጀርባ ሆኜ ነው። ቃሉን እንኳ አልተናገረውም፤ አባባ ማንንም ፊት ለፊት ውሸታም ብሎ አያውቅም። "ልጄ፣ አልሠራሁትም ማለት ነውር የለውም። ያልሠሩትን ሠርቻለሁ ማለት ግን እኔ ቤት አልተለመደም" ነው ያላት። እሷም "አስተካክዬዋለሁ እኮ አባባ፣ በገዛ እጄ" አለች፤ ድምጿ መሀል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ እሱ፣ "ዛሬ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት መጽሐፉን እናስረክባለን። ከነገ ጀምሮ ዕረፊ። ወንበሩንም ለእህትሽ ልቀቂላት" አለ። እህትሽ ያለው እኔን ነው። በእጄ የያዝኩትን ሰሃን ሳላንኳኳ አስቀመጥኩና ፎጣ አንስቼ እጄን ማድረቅ ጀመርኩ። እጄ ከደረቀ በኋላም አላቆምኩም። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እኛ ቤት መጽሐፍ ይቀናበራል። አባባ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ሥራው ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። አሳታሚዎች የተማሪ መጽሐፍ ይልኩልናል፣ እኛ ሥዕሉን ከጽሑፉ አዋሕደን፣ አርመን፣ ገጽ በገጽ አስተካክለን እንመልሳለን። ዓይኑ ከደከመ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ አሁን የሚያርመው በጆሮው ነው። አንድ ሰው ነጠላ ሰረዙን ሳያስቀር ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፣ ስሕተት ሲመጣ ጣቱ ይቆማል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወንድሜ አገባ።

ምራታችን ስትመጣ ሁለት ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዛ ነበር። ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ሕንፃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል እንጂ ለራሱ አንድ ክፍል ለመከራየት አቅም የለውም። ስለዚህ የኋላውን ሰፊ ክፍል ሰጠናቸው። ሰጠናቸው ስል ክፍሉ የኔ ነበር። እኔ ዕቃ ወደምናከማችባት ጠባብ ክፍል ገባሁ፤ አልጋዬና ኮምፒውተሬ ከገቡ በኋላ በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። ይሁን፣ ለወንድሜ ነው ብዬ ቻልኩት። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝና ድምፄ ተዘጋ። አባባ "እስቲ አንቺ ሞክሪ" አላት። ሞከረች። ጉንፋኑ ባምስት ቀን ለቀቀኝ፣ ወንበሩ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልተመለሰልኝም። ያ በመስኮቱ ሥር ያለው ባለ መደገፊያ ወንበር፣ እኔው ራሴ ስድስት መቶ አውጥቼ፣ ከገበያ እስከ ቤት በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት ወንበር ነው።

ጥሩ ታነባለች፤ እሱን አልክድም። ፊደል አትውጥም፣ ትንፋሿ የት እንደሚያልቅ ታውቃለች። አባባ "ዓይኔ" ይላታል። እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴን አንተ ነው የምለው፣ እሷ ግን እርስዎ ትለዋለች፤ እርስዎ በተባለ ቁጥር ትከሻው ቀና ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። የማተሚያ ቤቱን ወሬ እኔ ሸምድጄው፣ ገና ሲጀምረው የት እንደሚስቅ አውቃለሁ። እሷ ግን እንደ አዲስ ነገር አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። እሱም የልብ ልብ እየተሰማው ለኔ ነግሮኝ የማያውቀውን እየጨመረ ይነግራታል። አንድ ቀን ከሳሎኑ የሁለቱ ሳቅ ሲሰማ እኔ ክፍሌ ውስጥ የእንቁራሪት ሥዕል እያስተካከልኩ ነበር። እንቁራሪቷን ስንት ጊዜ ወደ ግራ፣ ስንት ጊዜ ወደ ቀኝ እንዳደረግኋት አላስታውስም።

እኔ የቀረኝ ሽቦው ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የተሰካ ነገር ሁሉ የኔ እጅ አለበት። ሦስቱን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ገመዱን ሜትሩን በሠላሳ ገዝቼ፣ በግድግዳው ጠርዝ በምስማር መትቼ፣ ራውተሩን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ማሽን አንድ የአባባ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ያለው፣ ፊደሉን እንደ ጡጫ ያተለቅንለት። ማሽን ሁለት የኔ። ማሽን ሦስት የሷ ላፕቶፕ። መጽሐፉ የጋራ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለፈው ወር የተከልኳት አንዲት ፕሮግራም ደግሞ ቅጂውን በሦስቱም ላይ እኩል ታደርጋለች። አንድ ገጽ ሁለት ቦታ ተለያይቶ ከተገኘ ሰዓታቸውን ታያለች፣ የቆየውን ትጥላለች፣ የቅርቡን ታስቀራለች። ሌላ ዕውቀት የላትም። አሠራራችን ቀላል ነው። እኔ ገጹን አቀናብሬ አስቀምጥና "አርባ አንድ ደርሷል!" ብዬ እጮሃለሁ። እሷ ወዲያው ከፍታ ታነብለታለች፣ እሱ ያረመውን እዚያው ታስገባለች፣ ታስቀምጣለች።

አሁን ስለ ሰዓቱ መናገር አለብኝ። የኛ ቤት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። አባባ በሥራው ዘመን የማተሚያ ቤቱ ሰርቪስ አንድ ቀን ጥሎት ስለሄደ የግድግዳውን ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደፊት ገፋው፤ ከዚያ የእጁን፣ ከዚያ የኩሽናውን። ጡረታ ሲወጣም አልመለሰውም። እኛም በሆዳችን ሰባት እየቀነስን ነው ያደግነው፤ ወንድሜ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን የመቀነስ ፈተና የደፈነው በዚህ ነው እያልን እንቀልድበታለን። ኮምፒውተሮቹን ሳገናኝ አባባ "ይኼም ሰዓት አለው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። አለው ስለው "እንግዲያው ከግድግዳው ጋር እኩል አድርጊው፣ በአንድ ቤት ሁለት ሰዓት አይሁን" አለ። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዳይወስድ ዘጋሁና የሱንም የኔንም ከግድግዳው ጋር እኩል አደረግኋቸው። ላፕቶፗን ግን ማንም አልነካውም። በመጣች ሰሞን ለምሳ ሰባት ደቂቃ ዘግይታ ብትቀርብ አባባ ከት ብሎ ሳቀ፤ "ምራቴ የሬዲዮ ሰዓት ይዛ መጣች" አለ። እኔ ብሆን ኖሮ ፊቱን ያጠቁርብኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ወር፣ በአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ነው። የታረመ ገጽ ሳይታረም ይሄዳል። አሳታሚው ሰውዬ መጀመሪያ በትሕትና ደወለ፣ ቀጥሎ ያለ ትሕትና ደወለ፣ ትናንት ማታ ደግሞ እየሳቀ ደወለ፤ የሱ ሳቅ ከቁጣው ይብሳል። "ጋሼ፣ እናንተ ቤት የሰው ልብ አሁንም ሦስት ክፍል ነው?" ብሎታል። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ አራት መባል የነበረበት ነው። አባባ ያንን ስሕተት በጆሮው ሁለት ጊዜ ይዞታል፣ እሷም ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ ብላዋለች። ደግሞ የሚገርመው፣ ብዙ ስሕተት ያለበት ገጽ ታርሞ ይሄድና አንዲት ስሕተት ብቻ ያለችበት ነው የሚመለሰው። አባባ ይህን አሰበና ቀላሉን ትንቃለች፣ ሳትነካው ነካሁት ትላለች ብሎ ደመደመ። አርባ ዓመት ያካበተው ስም ነው፤ ሌላ ሀብት የለውም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጠርቶ ያን አላት።

እኔ ከኩሽና ወጥቼ በቀጥታ ክፍሌ ገባሁ። ሐሳቤ ማስረጃ መፈለግ ነበር። ፕሮግራሟ የምትሠራውን ሁሉ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፤ ከተከልኳት ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም። አርባ አንደኛው ገጽ ከሷ ማሽን ጭራሽ እንዳልተነካ አግኝቼ፣ አትሜ፣ አባባ ጭን ላይ ላስቀምጥለት አስቤ ነበር። ምን እንደሚለኝ ሁሉ አስቤዋለሁ። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ይላል። ትናንት፣ ገጽ አርባ አንድ፣ ከማሽን ሦስት ተቀመጠ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት። ሥሩ ደግሞ፦ ገጽ አርባ አንድ፣ በማሽን ሁለት ቅጂ ተተካ፣ የማሽን ሁለት ሰዓት ዘጠኝ ከዘጠኝ። ማሽን ሁለት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ከዘጠኝ ላይ ግን እኔ ኮምፒውተሬ ጋ አልነበርኩም፤ ጋዝ የሚያመጣው ሰውዬ ደጅ ቆሞ ደውሎልኝ ሲሊንደሩን እየተቀበልኩ ነበር። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ዘጠኝ ከስምንት ላይ ነው የደወለው። ከዚያ ስልኬን ከኮምፒውተሩ ሰዓት አጠገብ አድርጌ አየሁት፤ ሰባት ደቂቃ። ክው አልኩ።

ነገሩ እንደዚህ ነው። እኔ ገጹን ያስቀመጥኩት በእውነተኛው ሰዓት ዘጠኝ ከሁለት ላይ ነው፤ ኮምፒውተሬ ግን ዘጠኝ ከዘጠኝ ብሎ ጻፈበት። እሷ ተቀብላኝ አንብባ፣ አርማ፣ ዘጠኝ ከስድስት ላይ አስቀመጠች። ፕሮግራሟ ሁለቱን አስተያየችና የኔ የቅርብ ነው ብላ የሷን ጣለች። እኔ ባስቀመጥኩ በሰባት ደቂቃ ውስጥ የታረመ ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ስሕተት ያለበት ገጽ ሰባት ደቂቃ ያልፈዋል፣ ይተርፋል። አንዲት ስሕተት ያለችበትን ግን እሷ በአራት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ልጅቷን የጎዳት ፍጥነቷ ነው። እኔ ሳነብለት አንድ ገጽ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ በኔ ዘመን ቢሆን ምንም አይጠፋም ነበር። ይህን ሳስብ እንኳ፣ አፍሬ በመሞት ፈንታ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በፍጥነቷ ነው።

መዝገቡን ወደ ታች ወረድኩበት፤ አስራ አንድ ቦታ አገኘሁ። አስራ አንድ ጊዜ አርማለች፣ አስራ አንድ ጊዜ የኔ ማሽን አጥፍቶባታል። ከሽንት ቤቱ ውኃው ተከፍቶ ሲፈስ ይሰማል፤ ለቅሶዋ እንዳይሰማ የከፈተችው ነው። ተነስቼ መሄድ፣ ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልተነሳሁም። ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ፦ ሰዓቱ እንዲቀድም ያዘዘው አባባ ነው፣ ዕድሜው ገፍቷል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ይታመማል፤ ደግሞም ልጅቷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም። ሁሉም ውሸት ነው። የልቤ ነገር፣ ወንበሬ ሊመለስልኝ ነው፣ በምን ዕዳዬ እመልስላታለሁ የሚል ነበር። የኮምፒውተሬን ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ መለስኩ። አባባ በረንዳ ላይ ስልክ ሲያነጋግር ሳሎን ገብቼ የሱንም መለስኩ። ከእንግዲህ ምንም አይጠፋም፣ ማንም አያውቅም፣ እሷም ትሄዳለች። የጨረስኩት ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነው።

ምሳ ስንበላ ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርን። እሷ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስራ ቀርባለች። ለአባባ ውኃ ቀዳችለት፣ "ይጠጡ" አለችው። እሱ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ እንጂ ዓይኔ አላለም። እኔ ዳቦውን ቆራርሼ ሰጠሁ፣ ጨው አቀበልኩ፣ ስለ ጋዙ ዋጋ አወራሁ፤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጨመሩን፣ ሰውዬው ደግሞ ፎቅ ስላወጣሁት ብሎ ተጨማሪ መጠየቁን። እሷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና፣ "እትዬ፣ ምናልባት የላፕቶፔ ችግር ይሆን? አንቺ ታውቂያለሽ፣ እስቲ እይልኝ" አለች። "አያለሁ" አልኳት። አባባ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ "ማሽን አይዋሽም ልጄ" አለ። እሷ አንገቷን ደፋች። እኔም ሳህኔን አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት የተመኘሁት ቦታ ነው፤ ብርሃኑ በግራ ትከሻዬ በኩል ይገባል፣ የአባባ ጉልበት በእጅ ይነካል። የተመለሱትን ገጾች አንድ በአንድ እናርም ጀመር። አንድ ገጽ እንዳነበብኩ "ቀስ በይ" አለኝ። ቀስ አልኩ። "አሁን ደግሞ ተኛሽ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ "'ነው' ነው ወይስ 'ናት'? መጨረሻውን ትውጪዋለሽ እኮ" አለ። አላመረረም፤ ለዘመናት እንደሚያውቀው ሰው ነው የሚያናግረኝ። እሷን ግን እንዲህ አናግሯት አያውቅም። የማተሚያ ቤቱን ወሬ እንዲያነሳ ብዬ፣ "ያኔ እናንተ ጋ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ቢገኝ ምን ይደረግ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። "ነግሬሽ የለ?" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንበሩን ነው እንጂ ያገኘሁት፣ ሰውዬውን አላገኘሁትም። በስተኋላችን ከክፍላቸው የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ።

ወንድሜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ዘይት ነው። ሚስቱ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ዘርግታ አገኛትና ሁለቱም ሳሎን መጡ። እናቴ ጋ ጥቂት ቀን ልረፍ ነው የምትለው። አባባ ነገሩን በአጭሩ ነገረው፤ አላጋነነም፣ ስለ ልብ አወራ፣ ስለ አሳታሚው ሳቅ አወራ፣ አስተካክያለሁ ብላኛለች፣ አልተስተካከለም አለ። ወንድሜ ሚስቱን ይወዳታል። እኔ ያሳደግሁት ልጅ ስለሆነ ፊቱን አነባለሁ፤ ሊከራከርላት አፉን ከፈተ፣ ከዚያ አባቱን አየ፣ ከዚያ ዘይት የነካውን እጁን አየ። "ደክሞሽ ይሆናላ" አላት ቀስ ብሎ። "አስተካከልኩ ብለሽ አስበሽ ይሆናል። ሰው ይደክመዋል።" እሷ ቀኑን ሙሉ ያልሆነችውን ያኔ ሆነች። አላለቀሰችም። ከፊቷ ላይ ደም ሲሸሽ አየሁ። ባሏንም እንደማታውቀው ሰው አየችው። "አንተም?" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የማየው። አባቴን እንድታጣ ፈልጌ ነበር፤ ወንድሜን እንድታጣ ግን አስቤ አላውቅም። ያን ያህል ክፉ እኔ እንኳ አልመኝላትም ነበር። "ሰዓቱ ነው" አልኩ። ሦስቱም ዞሩ። "ሰባት ደቂቃው ነው ያጠፋባት። የኔ ማሽን ስለሚቀድም የሷን እርማት አሮጌ ነው ብሎ ይጥለዋል። እሷ አርማለች፣ አስራ አንዱንም አርማለች።" ወንድሜ መጀመሪያ ወደ አባባ ማሽን፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ሄደ፤ የኔንም ክፍል በር ገፋ አድርጎ አየ። "ሦስቱም እኩል ናቸው እኮ፤ አስራ አንድ ከአስራ ስምንት ነው የሚሉት" አለ። ለካ ማስረጃውን ጠዋት በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ።

አባባ በእጁ ዳብሶ ጉልበቴን ያዘ። "ደግ ነሽ" አለኝ። "እሷን ለማትረፍ ጥፋቱን በራስሽ ላይ አታድርጊ። እናትሽን ነው የወጣሽው፤ እሷም እንዲህ ነበረች።" እናትሽን ነው የወጣሽው ብሎኝ አያውቅም። ለወንድሜ ሲል ሰምቻለሁ፣ ለጎረቤት ልጅ እንኳ ሲል ሰምቻለሁ። ያን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም ብዬ ብቀበለውስ? ልጅቷን ለማዳን ሞክራ ያልተሳካላት ደግ እህት ሆኜ ብቀርስ? ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው፣ እዚያው ላይ ቆየሁ። እጁ ሞቅ ያለ ነው። ከዚያ የሷን ፊት አየሁና፣ "መዝገብ አለ አባባ። ሁሉም ተጽፏል" አልኩት።

ከክፍሌ መዝገቡን አትሜ አመጣሁ፤ ሁለት ገጽ ሆነ። አባባ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሳ፣ ቀረብ አደረገ፣ ራቅ አደረገ፤ ከልማድ ነው እንጂ እንደማያይ ያውቃል። ከዚያ፣ ቀኑን ሙሉ ያልጠራትን፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ "ዓይኔ፣ ነይ እስቲ አንብቢልኝ" አለ። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፣ እሷ ሻንጣ ስታስር ነበር፣ የጠራው ግን እሷን ነው። ቅናቱ እንደገና አንጨረጨረኝ፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ነገር መሀል እንኳ። ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅሁላት። አልተቀመጠችም። ቆማ ወረቀቱን ያዘችና፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ መጽሐፍ እንደምታነብለት አነበበች። ገጽ አስራ ሁለት፣ ከማሽን ሦስት ተቀመጠ፣ በማሽን ሁለት ቅጂ ተተካ። ገጽ አስራ ዘጠኝ፣ ተቀመጠ፣ ተተካ። ሰዓቱን ከነደቂቃው ታነባለች። አባባ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል፤ አራተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመና እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰም።

አርባ አንደኛውን ገጽ ስታነብ ወንድሜ ግድግዳውን ተደገፈ። አባባ ዓይኑን ገለጠ። "አስራ አንድ ጊዜ ነው?" አላት። "አዎ አባባ።" "አስራ አንድ ጊዜ ሠርተሽ፣ እኔ አስራ አንድ ጊዜ አልሠራሽም አልኩሽ።" ይቅርታ ማለት የማያውቅ ሰው ነው፤ አፉ ተንቀሳቀሰና ቀረ፣ በመጨረሻ ግን እንደምንም "ይቅር በይኝ ልጄ" አለ። እኔን አስታውሶ እንኳ ወደኔ አልዞረም። እሷ ጎንበስ ብላ እጁን ያዘች። ከኋላዋ ቆሜ ወረቀቱን አያለሁ፤ ሥሩ ላይ ያልተነበበ አንድ መስመር አለ። ጣቷ እሱ ላይ ነበር። ዛሬ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት፣ የማሽን አንድና የማሽን ሁለት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመለሰ። አይታዋለች። ጣቷ መስመሩ ላይ ቆሞ ሳለ ትንፋሿ ትንሽ ተያዘ፤ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል።

"አለቀ?" አላት አባባ። "አለቀ" አለች። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። ወደኔ ዞራ አላየችኝም፣ እንዳልፈራ ብላ ነው። የቀኑን ክፋቴን በሦስት ፊደል ቀበረችልኝ፤ ወደፊትም ለባሏ እንኳ እንደማትነግረው አወቅሁ። እኔ ግን አመሰግናለሁ የሚል ነገር ውስጤ ፈልጌ አጣሁ። ብታነበው ኖሮ እጠላት ነበር፣ መጥላት ደግሞ ለምጄዋለሁ። አላነበበችውም። ክፍሌን ወሰደች፣ ወንበሬን ወሰደች፣ የአባቴን ጆሮ ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ዕድሜ ልኬን ባየኋት ቁጥር አንገቴን የሚያስደፋኝን ደግነት ልትጨምርበት ነው። ከሁሉም በላይ የቀናሁባት ያን ጊዜ ነው። ይህቺን አልሰጣትም አልኩ በልቤ።

"አላለቀም" አልኩ። "አንድ መስመር ይቀራል።"

እሷ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፣ ተይ ማለቷ ነው። ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና ዘርግቼ አነበብኩት፤ ሰዓቱን ከነደቂቃው፣ መጨረሻውን ሳልውጥ። ወንድሜ ከግድግዳው ተላቀቀ። አባባ ሰባት ይቀንስ ይደምር እንደሆነ እንጃ፣ ጣቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገና ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ምሳ ስንበላ ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር" አልኩት።